የሙሽራዋ መኪና ነፋስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሐያት በጅማ መርካቶ በኩል ወደ ቤት ስትወስደን የመኪናዋ ኤሲ ትኩስ ነፋስ ይሰጠን ጀመር። ባጃጆች ግራ ቀኙን ዘግተውናል፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። «የኤሲው ጋዝ አልቆ ይሆናል» አለች። «ከጋዙ በፊት የመኪናዋን የፊት ወንፊት አስፈትሺው» አልኳት። ከፊት የተቀመጠው ባሌ ጀማል ሳቁን መያዝ አቃተው። ልጅቷ ምን እንደሚያስቀን ስላልገባት፣ ቤት ገብተን ነገርናት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም ትምህርቴን ገና የጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን እዚሁ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ፣ የሚቀሰቅስብኝም አቧራ ነው። አንድ በጋ ከአጋሮ በጭነት መኪና ስመለስ ትንፋሼ ተዘግቶ ሆስፒታል የገባሁት በሸክም ነበር። ስለዚህ የአጋሮው አስተማሪ ጀማል ሽማግሌ ሲልክ አባቴ በልጁ ላይ እንከን አላወጡም፤ የፈሩት መንገዱን ነው። ሠርግ ደግሞ ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሸጦ ጥር ላይ ይደገሳል። ጥር ላይ ያ መንገድ ቀይ ዱቄት ነው፤ የቡና መኪኖች ሲመላለሱበት ስለሚውሉ የዳር ዳሩ የሙዝ ቅጠል እንኳ አረንጓዴ መሆኑ ይረሳል።

አባቴን የገላገሏቸው የእናቴ ወንድም አባ ዲኮ ናቸው። ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አገር ለቆ ከሄደ ፈረንጅ መሐንዲስ የገዟት ነጭ አውቶሞቢል አለቻቸው። «ይቺ መኪና እኮ የራሷ ቀዝቃዛ ነፋስ አላት። መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ አደርሳታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ለጅማ አየር ምን ያደርጋል ብለው ግን ያን ነፋስ አንድም ቀን ከፍተውት አያውቁም ነበር።

የሠርጉ ቀን ጀማል በአንድ ጎኔ፣ አክስቴ ሩቂያ በሌላው ጎኔ ተቀመጡ። እኔ ከላይ እስከ ታች ተሸፍኜ መሃል ነኝ። በእኛ ወግ ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ወጥታ አማቶቿ ደጅ እስክትደርስ ድምጿ አይሰማም። ከጀማል ጋር ራሱ እስከዚያች ሰዓት ቃል አልተለዋወጥንም። አጃቢዎቹ በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ከፊት ከፊታችን ይሄዱ ነበር፤ አቧራቸው ለእኛ ነው።

ነፋሱ መጀመሪያ ለዘብ ያለ መጣ፤ ከተማውን ሳንለቅ ግን ሞቀ። ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ የተደበቀ ቡና ፍለጋ በሮቹን ከፋፍተው ጥሎሼን ሳይቀር ሲበረብሩ አቧራው ገባ፤ ደረቴም ሲር ማለት ጀመረ። በሮቹን መልሰን ዘጋናቸው። ሙቀቱ፣ ሽቶው፣ የሩቂያ የፀጉር ቅቤ ተደባልቀው ትንፋሽ አሳጡኝ። መስኮቱ ቢከፈት አቧራው፣ ቢዘጋ ሙቀቱ። ሞቴ በሠርጌ ቀን ሊሆን ነው ብዬ ከልቤ ፈርቼ ነበር።

አባ ዲኮ ከአንድ ዋንዛ ጥላ ሥር አቁመው ኮፈኑን ከፈቱ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አልላላም፣ ማቀዝቀዣውም ይዞራል። «ጋዙ ነው ያለቀው። እሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲህ አይገኝም» አሉ።

«እንመለስ» አለ ጀማል፤ ሲር የሚለውን ደረቴን እየሰማ ነበር።

«ሙሽራ ከመንገድ ትመለስ?» አለች ሩቂያ። «አገር ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

አባ ዲኮ በሁለቱ መካከል ግራ ተጋብተው «እስቲ ከፊታችን ያለውን ወንዝ ልሻገርና ማዞሪያ ልፈልግ» አሉ። ድልድዩ እየተጠገነ ስለነበር መኪና የሚያልፈው በውሃው ውስጥ ነው። ገባን፤ ውሃው በመኪናዋ ፊት ላይ ተረጨ። ማዶ ስንወጣ ጉልበቴን ብርድ ነካኝ። ሻሹን ገለጥ አድርጌ እጄን ዘረጋሁ፤ እውነትም ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ሞቀ። ጋዙ ካለቀ ያ ብርድ ከየት መጣ?

«አባ ዲኮ፣ ያቁሙልኝ» አልኩ።

ሩቂያ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ጨሊሲ፣ ዝም በይ!»

«ውሃ ሲነካው ቀዝቅዞ ነበር። እባክዎ ከፊት በኩል ውሃ ያፍሱበት።»

አባ ዲኮ በመስተዋቱ ውስጥ ትንሽ አዩኝና ወረዱ። ከጀሪካን ውሃ ሲያፈሱበት ነፋሱ እንደገና በረደ። ጎንበስ ብለው በወንፊቱ ቀዳዳ አዩ፣ ከዚያም ግንባራቸውን መቱ። «ያ ረቢ! ኬሻዬ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡና ሲፈለፈል ገለባው እንደ ጭስ ይበናል፤ ወፍጮ ቤት የሚመላለሱ ሹፌሮችም ራዲያተራቸው እንዳይደፈን ከፊት ወንፊቱ ጀርባ ኬሻ ያስሩ ነበር። አባ ዲኮም በገዛ እጃቸው አስረውታል። ሞተሩ በጅማ አየር አልተቸገረም፤ ማቀዝቀዣው ግን ሙቀቱን የሚያወጣው በዚያው በኩል ስለሆነ ታፍኖ ቆይቷል። እኔም እሱም በአንድ ቀን ትንፋሽ አጥረን ነበር ማለት ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ ኬሻውን ያላዩት ዓይናቸው ስለለመደው ይመስለኛል።

ኬሻውን ቆርጠው ጣሉ፣ ገለባውን በሣር ጠረጉ፣ ውሃ ለቀቁበት። ሞተሩ ሲነሳ ጀማል መዳፉን ከነፋሱ ፊት ዘርግቶ ጠበቀ። «መጣ» አለ። ዞሮ ያየው ግን ነፋሱን ሳይሆን እኔን ነበር። አጋሮ እስክንደርስ ደረቴ ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ እንደዚያን ቀን አየር ጣፍጦኝ አያውቅም። ሩቂያ «ኧረ ቀንሱት፣ በረደኝ» እያለች ጋቢ ስትለምን ሁላችንም ሳቅን። አማቶቼ ወሬውን ገና ከመኪናው ሳንወርድ ከአባ ዲኮ ሰምተው «መካኒኳ ሙሽራ» እያሉ ተቀበሉኝ፤ ስሙም ዓመታት ኖረ።

ሐያት በማግስቱ ጋራዥ ሄዳ ስትመለስ እየሳቀች ነበር። ወንፊቱ ንጹሕ ነው፤ ያለቀው ጋዙ ነው። እዚሁ ጅማ ወዲያው ሞሉላት። እንኳንም ያኔ እንደ ዘንድሮው አልሆነ፤ ጋዝ ቢሆን ኖሮ ከመንገድ ተመልሼ ነበር፣ ከዚያም ማን ያውቃል።

በዚያችው መኪና ልታንሸራሽረን ስትነሳ ጀማል «ቆይ፣ ገና አትግቢ» አለኝ። ከእኔ ቀድሞ ገባና መዳፉን ከነፋሱ ፊት ዘርግቶ ጠበቀ። በገባንበት መኪና ሁሉ እንዲህ ያደርጋል።

«መጣ» አለኝ። ገባሁ።