የግራ ተከላካዩን የሸኘሁበት ጠዋት

የያዙኝ ፍራንክፈርት፣ መታወቂያዬን ላሳድስ በሄድኩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ቴርሚኔ፣ ማለትም ቀጠሮዬ፣ ጠዋት ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቴን ተቀብላ "ትንሽ ይቀመጡ" አለችኝ፤ ተቀመጥኩ። በሩ ሲከፈት ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አልጮኹብኝም። አንደኛው እንዲያውም ጃኬቴን ከወንበሩ ላይ አንስቶ አቀበለኝ። አገሬ ላይ ከምርጫው በኋላ ሲወስዱኝ በሰደፍ እየመቱ ነበር። እዚህ በትሕትና ያዙኝ፤ ሊመልሱኝ ያሰቡት ግን ወደዚያው ወደ ሰደፉ ነው።

ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ያለው እስር ቤት አስገቡኝ። ክፍሉ የወለል ማጽጃና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። በታችኛው አልጋ ላይ አንድ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ግራ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከደቡብ አሜሪካ ናቸው። ፍራንክፈርት ውስጥ በአስታማሚነት የምትሠራ ልጃቸው አምጥታቸው ነበር፤ እሷ ታማ ስትሞት የእሳቸውም የመኖሪያ ፈቃድ አበቃ። ኢነንሽታት፣ መሀል ከተማው ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሃን ሲያጥቡ ተያዙ። የምንግባባው በተሰባበረ ጀርመንኛ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስረኞች ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ በመስኮት አያለሁ። ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ያ ረጅሙ ልጅ ኳሷን ነው የሚያየው፤ ለዚህ ነው የሚያልፉት" አሉኝ። "ተከላካይ የአጥቂውን ወገብ ነው ማየት ያለበት። እግር ይዋሻል፤ ወገብ አይዋሽም።"

"ይጫወቱ ነበር?"

"ለብሔራዊ ቡድን። ግራ ተከላካይ።"

ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። አባታቸው የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ኳስ የጀመሩት ከፋብሪካው ጀርባ፣ ቆዳ በሚሰጣበት ሜዳ ላይ ነው። አጥቂ መሆን ፈልገው ነበር፤ ፍጥነት የለህም ተብለው ወደ ኋላ መስመር ወረዱ። በሃያ ዓመታቸው የዋና ከተማው ትልቅ ክለብ ወሰዳቸው። ሲቀደድ ታኬታቸውን ራሳቸው ይሰፉ ነበር። ሬዲዮ ላይ ስማቸው የሚጠራው ጎል ሲገባባቸው ብቻ እንደነበር ሲነግሩኝ ፈገግ አሉ።

አንድ ዓመት ክለቡ ከውጭ አገር ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። አገሩን የሚገዛው ጄኔራል ተጫዋቾቹን ቤተ መንግሥት ጠርቶ በተራ ጨበጣቸው። የእሳቸው ታናሽ ወንድም በዚያን ጊዜ የፋብሪካውን ሠራተኞች ለማደራጀት ሞክሯል ተብሎ ታስሮ፣ የት እንዳለ አይታወቅም ነበር።

"ተራዬ ሲደርስ እጁን ያዝኩና 'ክቡርነትዎ፣ ወንድሜ ታስሯል፤ እንዳየው ይፍቀዱልኝ' አልኩት።"

"ምን አለዎት?"

"'ታየዋለህ' አለኝ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረገ።"

ብዙም ሳይቆይ ከልምምድ ሜዳ ወሰዷቸው። ያስገቧቸው ወንድማቸው ወደነበረበት እስር ቤት ነው።

"አገኙት?"

"ቀድሞኝ ሞቷል። አልጋውን ሰጡኝ።"

ከዓመታት በኋላ ሲፈቱ ጉልበታቸው አይታጠፍም ነበር። ክለቡ ሣር አጫጅ አድርጎ ቀጠራቸው። ቡድኑ ከዋንጫው ጋር የተነሣው ፎቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እሳቸው የሉበትም። "ዳር ላይ ስለቆምኩ" አሉኝ፣ "ለመቁረጥ አላስቸገርኳቸውም።"

"አሁን ቢመለሱ የሚቀበልዎ አለ?"

"የለም" አሉና ዓይናቸውን ወደ ግቢው መለሱ።

በማግስቱ ቁርስ እንደበላን ሁለት ጠባቂዎች ሽማግሌውን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስዱ መጡ። እሳቸውም ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው አልጋው ላይ አኖሩ፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ሻንጣቸውን ሊያነሡ ሲያጎነብሱ ቀድሜ አነሣሁት።

"እርስዎ እዚሁ ይቀራሉ" አለኝ አንደኛው ጠባቂ።

"እሸኛቸዋለሁ።"

"አይፈቀድም።"

"በኛ አገር ሽማግሌ ሻንጣውን ተሸክሞ ብቻውን አይወጣም" አልኩት። ጀርመንኛዬ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ሻንጣውን ግን አልለቀቅሁም። ጠባቂው ባልደረባውን አየ፣ ከዚያ ሰዓቱን። "እስከ ብረቱ በር" አለኝ።

ኮሪደሩን በእሳቸው እርምጃ ሄድን፤ ጠባቂዎቹም እንደኛ ቀስ ለማለት ተገደዱ። በሩ ላይ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብለው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉኝ። አልገባኝም። ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ።

እኔን ጠበቃ አስጣለኝ። ዛሬ ሽቫንሃይም የሚባል የከተማው ሰፈር እኖራለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት እሠራለሁ። የያዝኩት አሁንም ዱልዱንግ ነው፤ "ለጊዜው አንመልስህም" የሚል ወረቀት። ባለፈው ክረምት ከሽማግሌው አገር የመጣ ሰው አብሮን ሥራ ጀመረ። ኳስ ይወዳል። ስማቸውን ነግሬ ጠየቅሁት። የዚያን ዘመን አጥቂዎች አንድ በአንድ ጠራልኝ፤ እሳቸውን ግን አላወቃቸውም።

"እርግጠኛ ነህ፣ ተጫውተዋል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት፤ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

የሚያውቃቸው ሰው ባገኝ ስለ እሳቸው ልናወራ አስቤ ነበር። አሁን የማውቃቸው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እኔም ብሆን ሲጫወቱ አላየኋቸውም።