ብልጭ ድርግም የሚለው ላንድሮቨር

የላንድሮቨሩ ዳሽቦርድ መብራት ለምን ብልጭ ድርግም እንደሚል ደረሳ ከምሳ ሰዓት በፊት ማወቅ ነበረበት። ከምሳ በኋላ ታናሽ ወንድሙን ባቻን ከቀበሌው እስር ቤት አውጥተው ወዳልተነገረ ቦታ ሊወስዱት ነው።

ባቻ የዚሁ መኪና ሹፌር ነበር፤ መኪናው የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሰሞን ኃላፊዎችን ለስብሰባ ጭኖ ወደ አንገር ጉቲን ሲጓዝ፣ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር መብራቱ ይጠፋና ይበራ ጀመር። ኡኬ ከተማ ላይ ሞተሩን አጥፍተው ትንሽ አረፍ አሉ፤ ከዚያ በኋላ መኪናው አልነሳ አለ። ስብሰባው ቀረ። "አሻጥር ነው" ተባለና ባቻ ታሰረ። ያቺ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ትበላ ነበር።

ደረሳ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሙያውን የለመደው በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጄኔሬተር ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በመንግሥት ትእዛዝ ሲታሸግ ጄኔሬተሩም አብሮ ታሸገና፣ እሱ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ቀልሶ የሰው መኪና መጠገን ያዘ። አንድ ልማድ አለው፤ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የኤሌክትሪኩን መንገድ በጣቱ ይከተላል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ይወጣል፣ በሽቦ አምፑሉ ጋ ይደርሳል፣ ካበራ በኋላ ደግሞ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚያስደንቀው መመለሻው ነው! ለመመለሻ የተለየ ሽቦ አልተዘረጋለትም፤ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት ነው። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይህንን ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ደረሳ ይህን ለደንበኛ ሲያስረዳ ምሳውን ይረሳል። ዛሬ ግን የሚያስረዳበት ጊዜ የለውም።

መኪናው ተጎትቶ በቆመበት የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። አምፑሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ከሌላ ባትሪ ጋር ሞከራቸው፤ ሁሉም በሩ። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልላላም። ዳሽቦርዱን ፈታ፤ የተላጠ ሽቦ የለም። መኪናው ዝም ብሎ ሲቆም መብራቱም ፀጥ ብሎ ይበራል።

የባቻ ሚስት ሎሚ ከቀበሌው በር እየሮጠች መጣች። የምሳ ሳህኑ እንዳልተነካ በእጇ ነው።

"ገና ነው እንዴ ኦቦ ደረሳ? መኪናዋን እርስዎ ፈትተው ሊጨርሷት እኮ ነው። ባቻን ያሰረው አምፑል ነው እንዴ?"

"ሳህኑን ለምን መለስሽው?"

"አልቀበልም አሉኝ። 'ለመንገደኛ ምግብ አያስፈልገውም' ብሎ ሳቀብኝ ዘበኛው። ያ ዋቅ፣ አምላኬ! የሚወስደው መኪና መጥቶ በር ላይ ቆሟል።"

ደረሳ ንዴቱን የሚወጣበት ሲያጣ ኮፈኑን በኃይል ጣለው። ያን ጊዜ በተከፈተው በር በኩል የዳሽቦርዱ መብራት ጥፍት፣ ቦግ ሲል አየ።

ኮፈኑን መልሶ ከፈተና የባትሪውን የማሳ ገመድ ያዘው። ገመዱ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ብሎን ከጠዋት ጀምሮ ሲያልፈው ነበር፤ ምክንያቱም ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነው። ዝገት የለበትም፣ ጠብቋል፣ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። አሁን ፈታው። ከሥሩም የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም!

ለበዓሉ የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች በሙሉ ባስቸኳይ ይቀቡ ተብሎ ነበር። ቀቢዎቹ ገመዱን ፈትተው ቀለሙን ረጩ፤ ከዚያ መልሰው በቀለሙ ላይ አሰሩት። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥቂት የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነው፤ መኪናው ሲናጥ እሱም ይቋረጣል። ሞተር ማስነሻው ብዙ ኃይል ሲጠይቅማ ጭራሽ አይበቃውም። ደረሳ ወፍራም ሽቦ አምጥቶ ቀለሙን ዘልሎ ከባትሪው የማሳ ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት ዘረጋ፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ለቅጽበት ሁሉን ረስቶ ሳቀ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ዓምደሚካኤል ድምፁን ሰምቶ መጣ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ከብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይቀባ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ ጓድ።"

"ፍቀህ እሰረው። ማንም አይስማ።"

"ከፋቅሁት እኮ ባቻ አሻጥረኛ ሆኖ ይቀራል። መኪናውን እንዲህ እንዳለ ቀበሌው ጋ ልውሰደው፤ በዓይናቸው ይዩት። ቁልፉን ይስጡኝ።"

"በባቻ ፈንታ እኔን እንዲወስዱኝ ነው? እኔም ልጆች አሉኝ ደረሳ።"

ሎሚ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ በአማርኛም በኦሮምኛም ትለምነው ጀመር። ሰውየው እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ ግን ጥሏቸውም አልሄደም።

ደረሳ በዘይት የጠቆረ መዳፉን እንደዘረጋ ቆሟል። አሁን የሚፈልገው ሌላ መንገድ ነው፤ ቀበሌው ፊት ቢናገረው ወንድሙን የሚያስፈታ፣ ይህን ሰውም የማያሳስር አንድ ዓረፍተ ነገር።

"ጓድ፣ እንዲህ ብንላቸውስ" ብሎ ጀመረ። "ቀለሙ ለበዓሉ በሚገባ ተቀብቷል፤ ማንም አላጠፋም። ግን ብረት…" አልጣመውም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።