ሁሉን «ያው ነው» የሚለው ኮምፒውተር

የምሥራች ልንገራችሁ፦ ኮምፒውተሩ ዛሬ ከሰዓት «አይደለም» አለ። አዎ፣ እምቢ ማለቱ ነው ደስታው። ባለ ደስታውም ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ያ ከሚቆርጠው የሚያወራው የሚበዛው ሰውዬ።

ሰውዬው በዚህ ዕድሜው የማታ ትምህርት ገብቶ ፕሮግራም መጻፍ ጀምሯል። አስተማሪዋ የሰጠችው የቤት ሥራ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ አንድ ቃል ይቀበል፣ ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት ይገልብጥ፣ የተገለበጠውን ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድር፤ አንድ ከሆኑ «ያው ነው»፣ ካልሆኑ «አይደለም» ይበል። እስከ ዛሬ ማታ ያልተሳካለት ተማሪ የክፍል ወንበሩን ለተረኛ ይለቃል። ተረኛዋ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይመስሏችሁ፣ የገዛ አማቱ ናቸው። አዲስ ቦርሳ ገዝተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ፀጉር ቤቱ ጥግ ቁጭ ብለው ውድቀቱን ይጠባበቃሉ።

«ልጄ፣» ይሉታል፣ «ወንበሩን ብዙ አታሙቅብኝ፤ የሞቀ አልወድም።»

ፕሮግራሙስ ተጽፎ አልቋል። ግን የጻፉለትን ሁሉ «ያው ነው» ይላል። መቀስ? ያው ነው። መስታወት? ያው ነው። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ችግር መሆኑም አልገባውም፤ እንዲያውም ዓለም የደበቀችውን ምሥጢር እሱ ያገኘ መስሎት ነበር። ኮምፒውተር ካለ አለ ነው ብሎ የበሩን ማስታወቂያ «ትቤ ርጉፀ» ብሎ አስጻፈው። ደንበኞቹ ደጁ ድረስ እየመጡ ተመለሱ፤ «ያ ፀጉር ቤት የት ገባ?» ይባባሉ ጀመር።

ዛሬ ግን ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው አልተሳሳተም፤ ገብቶ ተቀመጠ። ጢሙ መልኩ ሳይለወጥ ጫፍ ጫፉ ብቻ እንዲነካካለት ነበር ልመናው።

«ያው ነው እኮ፣» አለው ፀጉር አስተካካዩ ሲጨርስ። «መስታወቱን እይና ከፊትህ ጋር አወዳድረው።»

«መስታወቱ ውስጥ ያለውም የተቆረጠው ነው፣» አለ ልብስ ሰፊው፣ አፍንጫው ሥር የተረፈችውን እየዳበሰ። «የቆረጥከውን ከቆረጥከው ጋር ካወዳደርከው መቼ ይለያል? ሳትነካው የነበረውን አምጣልኝ እንጂ።»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። ኮምፒውተሩም ለካ ቃሉን ገልብጦ፣ የመጀመሪያውን ሳያስቀር፣ የተገለበጠውን ከራሱ ከተገለበጠው ጋር ነው ሲያወዳድር የከረመው። ፀጉር አስተካካዩ ልብስ ሰፊውን ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ ጥሎት ወደ ኮምፒውተሩ በረረ። ከመገልበጡ በፊት የቃሉን ቅጂ ለብቻው እንዲያስቀምጥ፣ ኋላም ከዚያ ቅጂ ጋር እንዲያወዳድር አዘዘው።

«ወንበር» ብሎ ጻፈ። ሲገለበጥ «ርበንወ»። ኮምፒውተሩ፦ «አይደለም።» የሚስቱን የቁልምጫ ስም «ሚሚ» ብሎ ጻፈ። «ያው ነው።»

ሰውዬው እንባው መጣ። «እማማ፣ አይደለም አለ እኮ፣» አላቸው።

አማቱ ቦርሳቸውን እቅፍ አድርገው ተነሡ።

«እንኳን ደስ ያለህ። ወንበሩ ያንተው ይሁን፤ እኔ ማታ በርጩማ ይዤ እመጣለሁ። የሚያስወጣኝን አያለሁ።»

በርጩማውን ማን ይሸከም ሲባባሉ እዚያው ትቻቸው ወጣሁ። ሚሚ ገና አልሰማችም፤ በሉ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሮጥ ብዬ ልንገራት።