አክስቴ ያላሳለፉት ጥናት

አዋላጅ ነርስ የነበሩት አክስቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከቡሬ እየመጡ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሕዝብ ተወካይ ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። የማንንም ጥናት ሳይጠይቁ አያሳልፉም።

ምጥ ላይ ያሉ እናቶችን ላጠና ፈቃድ ስጠይቅ «የሥጋ ዘመዴ ናት» ብለው ድምፅ አልሰጡም። ከጥያቄ ግን አልማሩኝም።

«ልጄ፣ ምጥ የያዛት ሴት እንቢ ማለት ትችላለች?»

ኮሚቴው በዚሁ ጥያቄ ጥናቱን መለሰብኝ። አኮረፍኩ። በኋላ እናቶቹን አስቀድሜ፣ ለእርግዝና ክትትል ሲመጡ እንድጠይቅ አስተካከልኩና ጸደቀልኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኋት እናት ፈገግ ብላ «ይቅርብኝ» አለችኝ። ለአክስቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እሰይ፣ በደንብ አስረድተሻታል ማለት ነው» አሉኝ።

ሰሞኑን፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ፣ አዲሱ ጥናቴ ያለ አንድ ጥያቄ ጸደቀ። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። እኔ ግን አክስቴ ቢኖሩ የቱ ላይ ያስቆሙኝ ነበር እያልኩ ጥናቴን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።