አስቴር ገመዱን የቆረጠች ቀን

ደርግ ከወደቀ ሦስት ወይ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ ከአባያ ሐይቅ ላይ አልነሳ ብሎ ነበር። ሐይቁ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ዘጠኝ ቤት ነበርን። ማዕበሉ ታንኳ ስለማያሳልፍ ከሐይቁ ማዶ ተበላ ከተማ ገበያ ከወጣን ሁለት ሳምንት አልፎናል። ዓሣ የምናደርቅበት ፀሐይ የለም፣ ክብሪቱ ረጥቧል፣ የውሃ ወፎቹ ሳይቀሩ ንፋሱን ሸሽተው ግድግዳችን ሥር ይጠለሉ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ጉማሬ እየወጣ የቀረንን በቆሎ ይጨርስ ጀመር።

እኔ፣ ልጆች፣ የሶዶ ሰው ነኝ። ደሴቲቱ ላይ የገባሁት አስቴርን አግብቼ ነው። አባቷ የታወቁ የጉማሬ አዳኝ ነበሩ፤ ሲሞቱ ጦራቸውንና ረጅሙን የቃጫ ገመድ ለእኔ ተዉልኝ። አምስት ዓመት አብሬያቸው አድኜም ሰዉ «ደገኛው» ነበር የሚለኝ። ጉማሬውን ላድን በተነሳሁ ቀን የደሴቲቱ ወንዶች ንፋሱ እስኪበርድ እንቆይ ሲሉ እምቢ አልኩ። አስቴር ሐሳቤን እንደማልቀይር ስታውቅ መቅዘፊያውን አነሳች። ከእኔ ይልቅ ውሃውን የምታውቀው እሷ ነበረች።

የጉማሬው የኮቴ ዱካ ከበቆሎው ሐይቁ ዳር ወዳለው ደንገል ይወስዳል፤ ዱካውን ዝናቡ ገና አልሞላውም። አስቴር ታንኳዋን ወደዚያው ቀዘፈች። ጀርባው ከውሃው ብቅ ሲል ወረወርኩ። ጦሩ ተሰካ፣ ጉማሬው ጠለቀ፣ ከጦሩ ጋር የታሰረው ገመድም ጥቅልሉ እየተፈታ ተከተለው። ሌላውን ጫፍ ከታንኳዋ ጋር አስሬዋለሁ። አንዱ ዙር ቁርጭምጭሚቴን እንደያዘ ግን አላየሁም። በጀርባዬ ወደቅኩ፤ ታንኳዋ ወደ ፊት ደፋ አለች፣ የሐይቁ ጭቃማ ቀይ ውሃ ገባባት። ጉማሬው አፉን ከፍቶ አጠገባችን ብቅ አለ፤ ትንፋሹ ፊቴን አሞቀው።

አስቴር የዓሣ ቢላዋዋን ይዛ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ እኔ መጣች።

«አትቁረጪው፣ የአባትሽ ነው» አልኳት።

«አንተ ደግሞ የእኔ ነህ» አለችና ቆረጠችው።

ጉማሬው ተመልሶ ጠለቀ፤ ማዕበሉም እኛን ደንገሉ ውስጥ ወረወረን። ገመዱ የላጠውን እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ስታስርልኝ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳተችው። መፍራቷን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስሜን ላስጠራ ብዬ ይህችን ሴት ምን ውስጥ እንደከተትኳት ሲገባኝ አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር አላየችኝም መሰለኝ።

ማደን ተውኩ ብላችሁ ውሸት ነው። ከዚያም በኋላ አድኛለሁ። ግን አስቴርን ልሂድ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አንዳንዴ ሰማዩን አየት ታደርግና «ዛሬ ይቅር» ትለኛለች። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።