የውሃ አባት ኔትወርክ ሲያካፍል

ኢሞምዶድ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ዳቦ ጨብጦ ማለ። በባርታንግ ሸለቆ የውሃ አባት ሆኖ የማለ ሰው አዝመራ እስኪገባ ድረስ ሹመቱን መጣል አይችልም። ዘንድሮ ደግሞ መንደሩ ከቦዩ በተጨማሪ በእሱ ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለውን የኢንተርኔት ዲሽም አሸከመው። "ውሃ ያካፈለ ሰው ይሄ ያቅተዋል እንዴ?" አሉት።

እሱም አካፈለ፤ ለየቤቱ እኩል፣ እንደ ክር የቀጠነ። ለሥራ ሞስኮ የሄዱት ባሎች ፊታቸው በስልክ ተቆራርጦ ይመጣል፤ ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ ቆይቶ ድምፃቸው ይደርሳል። የጠገበ አልነበረም፤ "አዳላህ" የሚለውም አልነበረም።

የልጁ የሳቭሳን የነርስነት ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነገ ቀትር ላይ ነው። መንገዱን ናዳ ስለዘጋው ዋና ከተማው ዱሻንቤ ያሉት ፈታኞች ፊቷን በስልክ እያዩ ሊጠይቋት ተስማምተዋል።

"አባዬ፣ ለፈተናው ብቻ ጨመር አድርግልኝ።"

"ዳቦ ጨብጬ ምያለሁ፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ዳቦው ይፈተንልኝ!"

ከቤት ሸሽቶ ወደ ቦዩ ሲወርድ ባልቴቷ ባኽትቤጊም ጠበቀችው።

"ስማ፣ አንተ የሁለት ውሃ አባት! እኔ ለልጄ 'ደህና ነኝ' ብዬ ከመጻፍ በቀር ምን ሥራ አለኝ? የተረፈውን ድርሻዬን ምን አደረግኸው? ጓሮዬ ጠጥቶ ሲያበቃ ውሃውን ገድቤ ባስቀር በአካፋህ አታባርረኝም?"

ኢሞምዶድ አካፋውን መሬት ላይ ተከለ። ዕድሜውን ሙሉ የተረፈ ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ያየ ሰው፣ በየቤቱ የማይታይ ኩሬ ገድቦ ኖሯል!

በማግስቱ ጠዋት ኔትወርኩን ለየቤቱ የሚያካፍለውን ሳጥን አስተካከለ። ጥቂት የሚበቃው በጥቂቱ ይጠግባል፤ የተረፈው ለተጠሙት እኩል ይወርዳል። ቀትር ላይ የተጠሙት ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ የእሱና የትግል ግጥሚያ በስልኩ የሚያየው የጎረቤቱ የኩርቦንሾ። የሳቭሳን ፊት መጣ፣ ቆመ፣ እንደገና መጣ። ግማሹ አልበቃትም።

የጎረቤቱ በር ቅርብ ነው። ግን የውሃ አባት ለራሱ ተራ አይለምንም፤ ከእሱ አፍ የወጣ ልመና ትእዛዝ ነውና ነውር ነው። ከሳጥኑ ፊት ቆመ። አንዲት ንክኪ ትበቃ ነበር። እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

"ፊትሽ አይታየንም" አለ ፈታኙ በወዲያኛው ክፍል ካለው የሳቭሳን ስልክ። "በሚመጣው ዓመት ሞክሪ።" ድምፁ ብቻ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ኩርቦንሾ በመስኮቱ ብቅ አለ። "ጋሼ ኢሞምዶድ! ዛሬስ ኔትወርኩ ግሩም ነው! እጅዎ ይባረክ!"

"አሜን" አለ ኢሞምዶድ።