ሂንድ ለእንግዶቹ የመለሰችው

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ሂንድ አብደላ ሐይቅ ከተማ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። የወላጆቿ ቤት የአርዲቦን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያየው ተራራ ሥር ነው። መንግሥት ተራራውን ከልሎ ችግኝ ሲያስተክል፣ ለሠራ ሰው የእርዳታ ስንዴና ዘይት ይሰጥ ስለነበር እሷም ከእናቷ ከፈዲላ ጋር ጉድጓድ ቆፍራለች። ሥራውን አልጠላችውም። የከፋው በኋላ ነው፤ ከብት ማሰማራት ቀርቶ ጭራሮ መልቀም ተከለከለ። ከድርቁ የተረፉት የአባቷ ሁለት በሬዎች ክልሉን ጥሰው ሲገቡ አብደላ ታሰረ።

እሱ ታስሮ ሳለ የውጭ አገር እንግዶች ደኑን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ከተማሪዎች አንድ ሰው በእንግሊዝኛ እንዲናገር ሲታዘዝ፣ መምህሯ ወልዴ ሂንድን መረጣት። ንግግሩን ካድሬው ጽፎ ሰጣት።

ሳትሳሳት አነበበችው፤ ተጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዲት ሽበታም ሴት ግን ጠጋ ብላ፣ "የገበሬው ከብት ታዲያ ምን ይበላል?" ስትል ጠየቀቻት።

ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። ሂንድ ወልዴን አየችው። አቀረቀረ።

"ምንም አይበላም" አለች በእንግሊዝኛ። "ዛፉን እኛም እንፈልገዋለን። ግን ማን ጠየቀን? አባቴ በሬዎቹ ሣር በሉ ተብሎ ታስሯል።"

ሴትዮዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። "ለሚመለከታቸው እናገራለሁ" ብላ እጇን ጨበጠቻት።

በሳምንቱ አብደላ ተፈታ። ሂንድ ቃሏ የሠራ መስሏት በደስታ አለቀሰች። በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ አብደላ ለሠፈራ ወደ ወለጋ እንደሚሄድ ነገራቸው። እሷም ከትምህርት ቤት ተባረረች።

"እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁህ፣ አባዬ።"

"ዝም በይ ልጄ። የተጠየቅሽውን መለስሽ፤ ሌላ ምን አጠፋሽ?"

ብቻውን ጫኑት። በመጀመሪያው ክረምት በወባ መሞቱን፣ ከሠፈራው ጠፍቶ የመጣ አንድ የአምባሰል ሰው አረዳቸው። ሂንድ ለሴትዮዋ ልትጽፍላት ፈልጋ ወልዴ ዘንድ ሄደች፤ እሱም ስሟን አያውቅም።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ፣ አገሩ መጥረቢያ ይዞ ተራራው ላይ ወጣ። በጥቂት ቀን ደኑ አለቀ። ሂንድ መጥረቢያ አልያዘችም፤ ማንንም ግን "ተው" አላለችም። እናቷ ፈዲላ ግንድ እየጎተተች ስትወርድ ባየቻት ጊዜ፣ ሄዳ በአንደኛው ጫፍ ያዘችላት።